ፈንታሁን የነደፈው ኩሬ

ግንቦት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዘበኛው በር ላይ ብቅ ብሎ "ይርጋ ማነው? አጎትህ ውጭ ቆመዋል" አለ። አያ ዘውገ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው አያውቁም። በሬ ጠፍቶባቸው ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ከአጥሩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ወስደው አስቀመጡኝና "ወንድምህን ወባ ነጠቀን" አሉኝ።

ፈንታሁን የእርሻ ልማት ሠራተኛ ነው። በጥር ወር ነው ወደ መተከል፣ ወደ አንድ የሰፈራ ጣቢያ የተመደበው። ነገሩ የሆነው ግንቦት 11 ነው። እዚያው ካለች ቤተ ክርስቲያን አሳርፈውታል። ወሬውንና ቦርሳውን ያመጣው ሙላቴ የሚባለው የጭነት መኪና ሹፌር ነው።

አያ ዘውገ ያሉኝን እንዳልረሳ እዚህ እጽፈዋለሁ። ለእናቴ ዛሬ በእሳቸው ቤት ይነገራታል፤ ቤታቸው ከከተማው ዳር ስለሆነ ጩኸት አይሰማም። ዓለሚቱ ግን አትሰማም። ዓለሚቱ የፈንታሁን ሚስት ናት፤ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ስድስት ወሯን አልፋለች።

"ነፍሰ ጡር መርዶ አይነገራትም" አሉ። "ትውለድ፣ ልጁ ክርስትና ይነሣ፣ ከዚያ እንደ ሥርዓቱ እናረዳታለን። እስከዚያ ካንተ ዓይን አንዲት እንባ ብታይ ሁለት ነፍስ ገደልህ።"

"እሺ" አልሁ። ወደ ክፍል ተመለስሁ። ጂኦግራፊ ነበር።

ግንቦት 26

እናቴ አያ ዘውገ ቤት አድራ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ጉንጯን በነጠላ ጠምጥማለች፤ ድምፅዋ የለም። "ጥርሴን ነው" አለች። ዓለሚቱ ደንግጣ ቅርንፉድ አፍልታ ሰጠቻት። የእናቴ ጥርስ ምንም አልሆነም። ግን ውሃውን እስከ መጨረሻው ተጉመጠመጠችው።

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤታችን ወርቅነሽ ጎመን ልትበደር መጣች። ጎመን ከኛ ይልቅ በሷ ጓሮ ነው የሞላው።

ፀጉራችንን አንላጭም፤ ጥቁር አንለብስም። አያ ዘውገ ጨርሰው ተናግረዋል።

ግንቦት 28

ዓለሚቱ የፈንታሁንን የመጨረሻ ደብዳቤ ከሙዳይዋ አውጥታ "እስቲ እንደገና አንብብልኝ" አለች። አራተኛ ጊዜ ነው። መሠረተ ትምህርት ገብታ የመጽሐፍ ፊደል መለየት ጀምራለች፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ገና ነው። ቢሆንም ይህን ደብተር ከጣራው ማገር ሥር እሰካዋለሁ።

ደብዳቤው የተጻፈው ሚያዝያ 20 ነው። በጀርባው ለጓሯችን ኩሬ ነድፎበታል። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ አራት፣ ጥልቀቱ እስከ ወገብ፤ በአንድ በኩል ሦስት ደረጃ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ በቦይ ይገባበታል። "ወለሉና ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰን። ለቀበሌ አመልክቱ። ዓለሚቱ በበጋ ልጅ አዝላ ምንጭ ድረስ አትወርድም፤ ጎመኑንም ሽንኩርቱንም ከደጇ ታጠጣለች" ይላል። ከዚያ በታች ለእኔ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። እሷን እዘላታለሁ።

"ወንድምዓለም" አለችኝ፤ ካገባች ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። "ክረምቱ ደረሰ እኮ። መቼ ልትጀምር ነው?"

"ነገ።"

"ነገ የሚባል ዶማ አላየሁም። ሲመጣ ምን ልንለው ነው? ተኝተን ነበር?"

ዶማውን አንስቼ ወጣሁ። እስኪመሽ ቆፈርሁ።

መቆፈር ጥሩ ነው። ፊትህ በላብ ከረጠበ ማንም ምን ሆንህ አይልህም።

ሰኔ 3

ከትምህርት በኋላ ሁለት ሰዓት። ጉልበት ድረስ ደርሻለሁ። በምሥራቅ በኩል ድንጋይ። ደሳለኝ ረዳኝ፤ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ እሱም ያውቃል። ፈተና ሰኔ 12 ይጀምራል። ገና አንድ ምዕራፍ እንኳ አላነበብሁም።

ሰኔ 8

የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር መጡ። ሰው ጠቁሟቸዋል። ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ቁልቁል አዩኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ኩሬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ኩሬ! የእህል ነው ወይስ የሰው?"

"የውሃ።"

"ዕድሜህ ስንት ነው?"

"ዐሥራ ሰባት።"

"በመስከረምስ?"

ያኔም ዐሥራ ሰባት ነኝ አልሁ። አንደኛው ጠመንጃ ያዥ ሳቀ። ከብሔራዊ ውትድርና የሚደበቅበትን ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገድ እየታየ አይቆፍርም። ይህን ግን አልተናገርሁም።

ዓለሚቱ ሆዷን ይዛ ከቤት ወጣች። ንድፉን ይዛለች። "ባለቤቴ ነው የነደፈው" አለች። "መንግሥት ያስተማረው ሰው ነው። ካላመኑኝ ሲመጣ ይጠይቁት።"

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀበሉ። ስሙን አነበቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አወለቁ። አፋቸውን ከፈቱ፣ እኔን አዩኝ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ቀጥሉ" ብለው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱላትና ሄዱ። ከምሳ በኋላ ሁለት አካፋ ላኩልን።

"ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን ለማን ነው ያወለቁት?" አለች ዓለሚቱ።

"ለልማት ነው" አልኋት።

ሰኔ 16

ሒሳብ። መጥፎ። ባዮሎጂ ስለ ወባ ትንኝ አምስት ጥያቄ ነበረው። ሁሉንም መለስሁ። አምስት ከአምስት።

ሰኔ 22

ዓለሚቱ ምግብ ቀንሳለች። ደብዳቤ ከመጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ከበሩ ትቆማለች። እግሯ አብጧል። ዛሬ ለእናቴ "ሕልም አየሁ" አለቻት። እናቴ "ሕልም እንደ ፈቺው ነው፣ ዝም በይ" አለችና ወጣች።

እናቴን ከጎተራው ጀርባ አገኘኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። ስታየኝ አወጣችውና "የወንድምህን እጅ ታውቃለህ አይደል?" አለችኝ።

"እንዴት?"

"ጽሕፈቱን።"

"አውቃለሁ።"

"ጻፍ እንግዲህ። አንድ ብቻ።"

ሰኔ 24

ጻፍሁ። የፈንታሁን "ለ" ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ "ሁ" ላይ ጅራቷን ይጎትታታል። ግማሽ ደብተር ተለማመድሁ። የተለማመድሁበትን አቃጠልሁት። ደህና ነኝ፣ ዝናብ ጀምሯል፣ መንገድ ስለተበላሸ መኪና አይመላለስም፣ ደብዳቤ ቢዘገይ አታስቢ፣ ምግብ ብይ፣ ይርጋ ኩሬውን እንዴት አደረገው? እንዲህ የመሰለውን። መጨረሻ ላይ እሱ ሁልጊዜ የሚለውን "እናቴን ስለ እኔ ሳሚልኝ" አከልሁበት።

ሙላቴ አመጣው ብዬ አነበብሁላት። ዓለሚቱ ሰምታ ስትጨርስ እናቴን ሄዳ ሳመቻት። እናቴ ተሳመች።

ማታ ዓለሚቱ እራት በደንብ በላች። እኔም በላሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ሲጣፍጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ለንስሐ አባታችን ለመምሬ አስረስ ነገርኋቸው። "ሐሰት ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ኃጢአት ነው። ሁሉም ሲያልቅ ና፣ ቀኖና እሰጥሃለሁ። አሁን ግን ጻፍ።"

ሐምሌ 4

ቁፋሮው አልቋል። ልኩ ልክ እንደ ንድፉ ነው። ሲሚንቶ የለም። ቀበሌ "ለመንግሥት ሥራ እንኳ አልደረሰ" አለ። ትናንት ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ማታ ኩሬው እስከ ጉልበት ሞልቶ ነበር። ጠዋት ስነሣ ባዶ ነው። መሬቱ ቀይ አፈር ስለሆነ እንደ ወንፊት አሳለፈው።

አያ ዘውገ አይተው "እኛ ለጤፍ መሬት ምን እናደርጋለን? ከብት አስገብተን እናስረግጣለን። ዋልካ አፈር አልብሱትና ይረገጥ፤ ጠብ አይልም" አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዓለሚቱ ግን አትሰማም። "ሲሚንቶ ብሏል፣ ሲሚንቶ ይጠበቃል። የሱን ሥራ አናበላሽም" አለች። ሲሚንቶ ከጠበቅን ክረምቱ ያልፋል።

ሐምሌ 9

ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ። ማንም አላዘዘኝም። በጥሩ ሁኔታ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ስለ ሰፋሪዎቹ ጻፍሁ፤ ስለ አንድ ዝንጀሮ የሚያስቅ ነገር ጨመርሁበት። ፈንታሁን እንደዚህ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ወደ ኩሬው መጣሁ፦ "ሲሚንቶውን ተዉት። ዋልካ አምጡና ከብት አስገብታችሁ እንደ ጤፍ ማሳ አስረግጡት።"

ዓለሚቱ ጥጥ እየፈተለች ነበር የምትሰማው። ዝንጀሮው ጋ ስደርስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከብቱ ጋ ስደርስ እንዝርቷ ቆመ።

"እሱን ድገመው እስቲ።"

ደገምሁት።

"ከብት ብሎ ጽፏል?"

"አዎ። ይኸውና።"

"ሐሳቡን ለወጠ ማለት ነው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ከብት" አለች። እንዝርቱን አነሣችው። "ጥሩ ነው። ይርገጡት እንግዲህ።"

ስለ ከብት ከዚህ በፊት ተነጋግረው እንደሆነ አላውቅም። ዋናው ነገር እሺ አለች። ደብዳቤውን ከሙዳይዋ ሳትከተው መደቡ ላይ ረስታው ተነሣች። እኔ ከተትሁላት።

ሐምሌ 12

ተረገጠ! ሦስት ቀን ሙሉ ዋልካ ከወንዙ ዳር በአህያ አጋዝን፤ በወለሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል አለበስነው። በአንድ በኩል መውረጃ ቆረጥን። አያ ዘውገ ሁለት በሬና አራት ላም ነድተው መጡ፣ ደሳለኝ የአባቱን ፍየሎች። ቀዩ በሬ አልገባም አለ።

"ግባ አንተ ባላገር!" አሉት አያ ዘውገ። "ኩሬ አይተህ አታውቅም?"

"አያ ዘውገ፣ ዋና ይችላል?" አለ ደሳለኝ።

"ካንተ ይሻላል። አንተ በሒሳብ እንኳ ሰጥመሃል።"

ወርቅነሽ ከአጥሩ ማዶ "ጤፉን መቼ ነው የምትዘሩት? ለአረሙ እንድንመጣ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ከብቶቹ እየዞሩ፣ እኛም ከኋላ ከኋላቸው እየረገጥን፣ እስከ ከሰዓት ቆየን። ግድግዳውን እኛ በእጃችን ለሰንነው። ዓለሚቱ ከደጃፉ በርጩማ ላይ ተቀምጣ "ያ ጥግ ቀረ፣ ወንድምዓለም፣ ያ ጥግ!" እያለች ታዝዘን ነበር። የት እንደሚሳሳ ከአያ ዘውገ ይልቅ እሷ ነው የምታውቀው። አገሯ እብናት ነው፤ አባቷ ከብት አርቢ ነበሩ፤ አምና በድርቁ ወደ ኢሉባቦር ሰፈራ ሄዱ።

አንድ ጊዜ ቀና ስል ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አየኋት። ጭቃ ተረጭቶባት ነው።

ሐምሌ 20

ያዘ። ስምንት ቀን ሆነው፤ አልጎደለም። እንጨት ላይ በቢላ ምልክት አድርጌ ተክዬበታለሁ። ዛሬ ሦስት ስንዝር ነው።

ዓለሚቱ ደብዳቤ መጣ ወይ ብላ መጠየቅ ትታለች። መኪና ሲያልፍም ከበር አትወጣም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደብዳቤው አረጋግቷታል ማለት ነው። ትናንት የፈንታሁንን ካቦርት ከሚስማሩ አውርዳ አጠበችውና "ቁር ነው፣ በጭቃው ሥራ ይህን ልበስ" ብላ ሰጠችኝ። ሲመጣ ይቆጣኛል አልኋት። "አይቆጣህም" አለች።

ለእናቴም "እማማ፣ ጥርስዎ አሁንም የተሻለዎ አይመስለኝም። አያ ዘውገ ቤት ሄደው ሁለት ቀን ይረፉ እንጂ። እኔ ደህና ነኝ፤ ይርጋ አለ" አለቻት። እናቴ ትክ ብላ አየቻት። ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ እንደገና ጠፍቷል፤ ፊቷ ግን ቀለል ብሏል።

ሐምሌ 29

ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ሁሉም ተኝቷል። እንቅልፍ የለኝም፤ ልጻፈው።

የምዘላት መስመር እንዲህ ትላለች፦ "ይርጋ፣ እዚህ ጣቢያ የወባ ክኒን አልቋል። ክሎሮኪን ገዝተህ በሙላቴ መኪና ቶሎ ላክልኝ። አትርሳ።" ደብዳቤው የደረሰኝ ሚያዝያ 28 ነው። ክኒኑን ሚያዝያ 30 ገዛሁ። አልረሳሁም። ሙላቴ ግንቦት 3 ጠዋት እንደሚወጣ አውቅ ነበር። ግንቦት 3 ጠዋት ከአዲስ ዘመን ልጆች ጋር የመረብ ኳስ ግጥሚያ ነበረን። በሁለት ሰዓት ያልቃል ብለው በአራት ሰዓት አለቀ። መነኻሪያ ስደርስ መኪናው ሄዷል። ችግር የለም፣ በሚቀጥለው ይሄዳል አልሁ። መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ግንቦት 5 ይደርስ ነበር። ከ5 እስከ 11 ስድስት ቀን ነው።

ደሳለኝ "ሐኪም አይደለህም፣ ተው" ይለኛል። ልክ ነው፤ በክኒኑ ይድን አይድን ማንም አያውቅም። ሌላ መኪናም ነበረ፤ ፈንታሁንም በሙላቴ ከባሕር ዳር ሊያስገዛ ይችል ነበር። ሁሉንም አስቤዋለሁ። ግጥሚያውን አሸንፈናል።

እሽጉ እስካሁን ከትምህርት ቤት ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ነው። የት እንደሚጣል አላውቅም።

ነሐሴ 7

ወርቅነሽ ዛሬ ልታበላሸው ነበር። ዓለሚቱን ስታይ "እኔ ልሁንልሽ፣ አንቺ ልጅ" ብላ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ከደጃፉ ደርቄ ቀረሁ። ዓለሚቱ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻትና "ወርቅነሽ ሆዷ ባባ፤ ያችን ጊደሯን ስለሸጠች ነው" አለችኝ። ወርቅነሽ ጊደር መሸጧን አልሰማሁም። ጎበዝ ናት ዓለሚቱ፤ ምንም አልጠረጠረችም።

ኩሬው አምስት ስንዝር። እንቁራሪት ገብቷል።

ነሐሴ 15

ወለደች! የፍልሰታ ጾም መፍቻ ዋዜማ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ። ሁለት ቀን አምጣለች። እናቴና አዋላጇ ከውስጥ፣ እኔና አያ ዘውገ ከውጭ በዝናብ። እልልታው ሲጀምር ቆጠርሁ፤ ሰባት ሳይሞላ ቆመ። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

አያ ዘውገ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በጣታቸው ማስላት ጀመሩ። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀን ክርስትና ይነሣ ነበር፤ ሴት ሰማንያ ቀን ናት። ጥቅምት 30 ይሆናል። እኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ብዬ ነበር ራሴን ያዘጋጀሁት።

"ትችላለህ?" አሉኝ።

"እችላለሁ" አልሁ።

ሕፃኗን አሳዩኝ። ግንባሯ የሱ ነው። ወጥቼ ቦዩን ጠረግሁ።

መስከረም 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ስም የሚያወጣው አባት ስለሆነ ሁሉም ሰው ጨንቆት ነበር። እኔ አስቀድሜ ሦስተኛ ደብዳቤ ጽፌ አዘጋጅቻለሁ፤ ሦስት ገጽ ነው። ስሟን "ፈንታነሽ" ትባል ብያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሙላቴ አመጣው ልል ስል ዓለሚቱ ቀደመችኝ።

"ስሟን እኔ አውጥቻለሁ። በእመቤታችን ጾም ነው የመጣችው፤ እመቤቴ ትባል።"

"ፈንታሁን ሳይጠየቅ?" አልሁ።

"ይስማማል።"

"ደብዳቤ ቢልክስ?"

አየችኝ። "ወንድምዓለም፣ ዐሥራ ሁለተኛ ልትገባ ነው። ወረቀቱን ለትምህርትህ አስቀምጠው" አለችኝ።

ስለ ምን እንደተናገረች አልገባኝም፤ ተናደድሁ ግን። ሦስቱን ገጽ አቃጠልሁ። ሲቃጠል እያየሁ ሌላ ልጽፍበት የፈለግሁት ነገር ትዝ አለኝ።

ጥቅምት 12

ዝናብ ቆሟል። ኩሬው ሞልቶ ሦስተኛውን ደረጃ ሸፍኗል። በዙሪያው ጎመንና ሽንኩርት ተክለናል። ዓለሚቱ ሕፃኗን አዝላ በቅል እየቀዳች ታጠጣለች። የሰፈሩ ሰው መጥቶ ያያል። ሊቀመንበሩ ለውይይት ክበብ ምሳሌ እናደርገዋለን ብለዋል።

ዛሬ እሽጉን ለእናቴ አሳየኋት። ቀኖቹን ሁሉ ነገርኋት፤ ግጥሚያውንም። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ጨርሳ እስክትሰማ አላቋረጠችኝም። "እኔም በጥር አትሂድ ልለው ብዬ አፍሬ ተውሁት" አለችኝ። ከዚያ ክኒኑን ተቀብላኝ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እነሱ ለሌላ ሰው ይሰጡታል አለች።

ጥቅምት 30

ክርስትና። እመቤቴ ጠበሉ ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናወጠችው። ድግስ ነበር። ከድግሱ በኋላ አያ ዘውገ፣ መምሬ አስረስና ሁለት ሽማግሌዎች ከግቢው ውጭ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማከሩ። ደስታው ሦስት ቀን ይቆይላት፤ ረቡዕ ሳይነጋ ይሆናል።

ኅዳር 3

ረቡዕ። ገና ጎሕ ሳይቀድ መጡ። ዐሥር ያህል ይሆናሉ፤ ከደጅ ጫማቸውን ሳያሰሙ ቆሙ። እኔ እንድቀሰቅሳት ላኩኝ።

ተነሥታለች። ለብሳለች። ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። ሕፃኗን አጥብታ ጨርሳ ነበር። ሳልናገር "ያዛት" አለችኝ። "አንገቷን ደግፍ። ብርድ እንዳይነካት ወደ ጓሮ ውሰዳት።"

ካቦርቱ ውስጥ ሸፍኛት ወጣሁ። መምሬ አስረስ ሲጀምሩ ሰማሁ፤ ጥቂት ቃል ነው። ከዚያ ዓለሚቱ ጮኸች። ከዚያ እናቴ በገዛ ቤቷ፣ ስሙን እየጠራች። አምስት ወር ስሙን ጮክ ብላ አልጠራችውም ነበር። ሰፈሩ ተሰናድቶ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ወዲያው ግቢው ሞላ።

እኔ አላለቀስሁም። ሕፃኗ ተኝታ ነበር።

ኅዳር 6

የለቅሶው ሰው ከአንበሳሜም ከእብናትም መጣ። በቅሎው ሁሉ ከኩሬው ጠጣ፤ ወጥ የተሠራውም፣ እግር የታጠበውም፣ እጅ የታጠበውም በሱ ነው። ማንም ምንጭ አልወረደም። በሦስት ቀን ሁለት ስንዝር ጎደለ። ዝናብ ስለሌለ አይመለስም። አላዘንሁም።

ማታ ሰው ሲሳሳ ዓለሚቱ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ራሷን ተላጭታለች። እኔም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኋት።

"ከብቱን ያነበብህልኝ ቀን።"

አባቷ እብናት ላይ የከብት መጠጫ ኩሬ በዋልካ አስረግጠው ሠርተው ነበር። ይህን ለፈንታሁን አምና በኅዳር ነግራዋለች። እሱ ስቆ "እኔ ሁለት ዓመት የተማርሁት በሬ ላስጨፍርበት ነው?" አላት። ተጣልተውበታል። "እሱ እኮ እንኳን በስምንት ወር፣ በአምስት ዓመትም እሺ አይልም" አለችኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እማማ ለኔ ብለው የዋጡትን ላስተፋቸው? ልጁስ ከሆዴ ነበረ።" ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ "ደግሞ ልናገር ቀና ስል አንተ እያነበብህ ትስቅ ነበር። ያን ዝንጀሮ። ስትስቅ ካየሁህ ቆይቶ ነበር። እንዴት ልቀማህ?"

ያን ጊዜ አለቀስሁ። ብዙ ሰዓት። ከቤት ውስጥ አያ ዘውገ "ማነው?" ሲሉ እናቴ "ተዉት፣ ይርጋ ነው" ስትል ሰማሁ።

ኅዳር 9

ሰው ተበትኗል። ነገ ወደ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ። መምሬ አስረስ ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ሃያ ቀን ስግደት ነው።

ዓለሚቱ ለአባቷ ለአያ ደምሴ ወደ ኢሉባቦር ደብዳቤ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። አልሰሙም። "ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ስጀምር አስቆመችኝ።

"እሱን ተወው። በአጭሩ ጻፈው። በራስህ እጅ። ከመላኩ በፊት እኔ እንዳነበው እንደ መጽሐፍ ፊደል አድርገህ፣ ለያይተህ ጻፈው።"

እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥሁ። ከዚያ ፊደሉን ትልቅ ትልቅ አድርጌ፣ ሳላዘነብል ጻፍሁ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ወደ በሩ ብርሃን ዞራ፣ እመቤቴን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው እጇ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ድምፅዋን ሳትደብቅ ማንበብ ጀመረች። "ባ-ለ-ቤ-ቴ ፈ-ን-ታ-ሁ-ን ግ-ን-ቦ-ት 11 ቀ-ን በ-ወ-ባ ሞ-ተ።"

የመጨረሻዋ ቃል ሁለት ፊደል ናት። አነበበቻትና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች።